በሳነቴ ራስ ላይ የላላ መሪ

አባቶቻችን ለሩቅ መንገድ ሲነሡ በቅሎዋን የሚመረምሩት ገና በመንገዱ ዋዜማ ነበር። ሰኮናዋን አንሥተው ያያሉ፤ ጀርባዋን በመዳፋቸው ይደባብሳሉ፤ የኮርቻውን ጠፍር ስበው ይፈትናሉ፤ ከሁሉም ይልቅ ልጓሟን ይመለከታሉ። በቅሎ ምንም ያህል ሰጋር ብትሆን ልጓሟ የላላ እንደ ሆነ፣ ገደል አፋፍ ላይ በደረሱ ጊዜ መንገዱን የምትመርጠው እርሷ እንጂ ጌታዋ አለመሆኑን ያውቁ ነበርና ነው። እኛ የእነዚያ አባቶች ልጆች ግን ዘመኑ በቅሎውን በአውቶሞቢል ቢለውጥልን ጊዜ፣ ይህን መልካም ልማድ ከበቅሎዋ ጋር አብረን ከበረት አስወጣነው። ይህንንም የምንለው በሌላው ለመፍረድ አይደለም፤ በራሳችን ላይ የደረሰውን ለውድ አንባቢዎቻችን ልንነግር ስለ ወደድን ነው።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ. ም. በጥር ወር ነው። በመምህርነት ሥራ ወደ ባሌ ሄዳ በደሎ መና ከተማ ትዳር የመሠረተችው እህታችን ወንድ ልጅ ተገላግላ ነበርና፣ ሕፃኑ 40 ቀን የሚሞላው በአንድ እሑድ ቀን ሆነ። እኛ ሁለት ወንድማማች እናታችንን ይዘን ከአዲስ አበባ ለክርስትናው ልንወርድ ተነሣን። እናታችን ከዚያ በፊት የተወለዱትን የልጅ ልጆቻቸውን ሁሉ ከጥምቀተ ክርስትናቸው ዕለት ጀምሮ ያቀፉ ናቸው። ለዚህኛውም ጥጡን ራሳቸው ባዝተውና ፈትለው፣ ለሸማኔ ሰጥተው ያሠሯትን ትንሽ ነጠላ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው በጭናቸው ላይ ይዘው ነበር። ሕፃኑ ከውኃው ሲወጣ የሚጠቀለልባት እርሷ ነበረች።

የምንሄድባትን መኪና የገዛናት ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀደም ብለን ነው። አራቱም ጎማዎቿ የሚጎትቱ፣ ለገጠርና ለተራራ መንገድ የተሠራች፣ ለእኛ አዲስ ብትሆንም በሌሎች ሰዎች እጅ ብዙ ዓመት ያገለገለች መኪና ናት። የሠራትን ፋብሪካ ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የፋብሪካው አልነበረምና። ስንገዛት ቀለሟን አየን፤ ኮፈኗን ከፍተን የሞተሯን ድምፅ ሰማን፤ ካምቢዮዋን ሞከርን። ከሁሉም ይልቅ ደስ ያሰኙን ትልልቆቹ ጎማዎቿ ነበሩ፤ የቀድሞው ባለቤት ከተፈቀደላት ልክ የበለጠ ስፋት ያላቸውን ጎማዎች አግብቶላት ኖሯል። ከሰፈራችን እስከ አደባባይ ድረስ ነድተን መሪዋ ጥቂት ልቅ እንደ ሆነ ስንነግረው፣ ሻጩ ፈገግ ብሎ «ትለምዱታላችሁ» አለን። እኛም ለመልመድ ተዘጋጀን።

ዓርብ ዕለት ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሥተን በአዳማው ፈጣን መንገድ ወረድን። ይህ መንገድ በ2006 ዓ. ም. የተከፈተ፣ ሰፊና ለስላሳ አስፋልት ነው። የመኪናን ነውር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳየው ኮረኮንች መንገድ ይመስለን ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ቀጥ ያለ መንገድም የራሱ ምርመራ አለው። መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ስንዝር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ብናዞረው ጎማዎቹ አይሰሙም ነበር። መኪናይቱ ከመስመሯ ቀስ ብላ ትወጣለች፤ እንመልሳታለን፤ ወደ ሌላው ወገን ታልፋለች፤ ዳግመኛ እንመልሳታለን። ትልልቅ የጭነት መኪናዎች ባለፉን ቁጥር ነፋሱ ይገፋናል። አዳማ ስንደርስ መሪ የያዘው ወንድም ትከሻው ደክሞ እጁን ያፍታታ ጀመር። እናታችንም ከኋላ ሆነው «ልጄ፣ ምነው እንደ ሸማኔ ወዲህና ወዲያ አልክ?» ቢሉ፣ «መኪናዋን እየለመድን ነው» ብለን መለስንላቸው።

ከአዳማ ወደ ደቡብ ታጥፎ ወደ አርሲ የሚወጣው መንገድ ለዓይን በረከት ነው። ከስምጥ ሸለቆው ሙቀት ተላቅቀው ሽቅብ ሲወጡ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ የስንዴው ማሳ ከመንገዱ ዳር ተነሥቶ እስከ ጭላሎ ተራራ እግር ድረስ ይዘረጋል። ጥር የአጨዳው ማብቂያ ስለ ሆነ በየአውድማው የገለባው ክምር እንደ ወርቅ ያበራ ነበር። ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአሰላ ለምሳ ዐረፍን።

የጥፋታችን ዋና ቦታ ይህች ከተማ ናት። የጎማውን ነፋስ እንዲለካልን የጠራነው ወጣት ጎሚስታ የፊቶቹን ጎማዎች በእጁ ዳብሶ፣ «ጋሼ፣ እነዚህ ጎማዎች በአንድ ወገን ተበልተዋል፤ እታች ነገር አለ። አንድ ሰዓት ብትሰጡኝ በክሪክ አንሥቼ ልይላችሁ» አለን። እኛ ግን ቸኩለን ነበር። ደግሞም በአዲስ አበባ አንድ ወዳጃችን ከመሪው ሳጥን ላይ አንዲት ማስተካከያ ቡሎን እንዳለችና እርሷ ስትጠብቅ ልቅነቱ ሁሉ እንደሚጠፋ ነግሮን ነበርና፣ «እርሷን ብቻ አጥብቅልን» አልነው። ወጣቱ ሳይወድ፣ «ሕመሙ ከእርሷ ካልሆነ ማጥበቋ ይጎዳችኋል» አለ። ዳሩ ግን ገንዘብ ከፋይ ቃሉ ይሰማልና አጠበቀልን።

ከአሰላ ስንወጣ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። መሪው ጠንከር አለ፤ መኪናይቱም ተገራች። ትልቅ ጥበብ የሠራን መስሎን ተሳሳቅን። እነ ደራርቱ ቱሉን፣ እነ ቀነኒሳ በቀለንና እነ ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችውን በቆጂን ስናልፍ፣ ልጆች በመንገዱ ዳር በባዶ እግራቸው ሲሮጡ አይተን እጃችንን አወዛወዝንላቸው። ነገር ግን አንድ ነገር ማስተዋል ነበረብን። በደኅና መኪና ጠመዝማዛውን ዞረው ሲጨርሱ መሪው በእጅ ውስጥ ተንሸራቶ በራሱ ወደ ቀጥታው ይመለሳል። የእኛው ግን እንደ ተጣመመ ይቀር ነበር፤ ጎትተን ካልመለስነው በቀር አይመለስም። ከባድም ሆኗል። ይህን ሁሉ እንደ ጥንካሬ ቆጠርነው።

በዶዶላና በአዳባ አድርገን ከሰዓት በኋላ ዲንሾ ደረስን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት ያለው በዚህ ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ. ም. አካባቢ የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ ከ2000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከጉዟችን በኋላም በመስከረም 2016 ዓ. ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በጽዱና በኮሶው ዛፍ ሥር የደጋ አጋዘኖች ያለ ፍርሃት ይግጡ ነበር። ይህ አጋዘን ከአገራችን በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም፤ የውጭ አገር ሊቃውንትም ያወቁት ገና በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ነው። እናታችን ቀንዱ የተጠማዘዘውን አውራ ለረዥም ጊዜ ሲመለከቱ ቆይተው፣ «የፈጠረው ሲያስጌጠው አልሰሰተበትም» አሉ። ሌሊቱን በሮቤ አደርን።

ቅዳሜ ጠዋት ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር የምትርቀውን ጎባን አልፈን ወደ ሳነቴ አምባ ሽቅብ ጀመርን። አስፋልቱ በዚህ አበቃ፤ የጠጠር መንገድ ተቀበለን። ሳነቴን ላላየ ሰው መንገር ያስቸግራል። በመጀመሪያ የጽድና የኮሶ ዛፍ፣ ቀጥሎ የአስታ ቁጥቋጦ ይሸኛል፤ ከዚያ በኋላ ዛፍ የሚባል የለም። መሬቱ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ እንደ ሞሰብ ክዳን ይዘረጋል። የሌሊቱ ውርጭ ገና አልቀለጠም ነበርና በየኩሬው ዳር በረዶው እንደ መስተዋት ያንጸባርቅ ነበር። እዚህም እዚያም ጅብራ እንደ ዘብ ቆሟል። ቀይ ቀበሮ ከፍልፈሉ ጉድጓድ አጠገብ ጆሮዋን ቀስራ ስታደባ አየናት። ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኝ ስትሆን በጠቅላላው ቁጥሯ 500 ገደማ እንደ ሆነ ይገመታል፤ ከዚህም ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው የሚኖረው በባሌ ተራሮች ነው። በስተ ቀኛችን 4377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ፣ ማለት ቀዩ ተራራ፣ ይታይ ነበር።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ውበት መካከል ሳለን ነው የሆነው። የጠጠር መንገድ መኪና ሲበዛበት እንደ ልብስ ማጠቢያ ቆርቆሮ ይሸበሸባል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስንነዳ የግራው ፊት ጎማ አንድ ድንጋይ መታ። ወዲያውም የፊቶቹ ጎማዎች በአንድነት ግራና ቀኝ ይንዘፈዘፉ ጀመር። መንዘፍዘፉ ከመታው ድንጋይ ጋር አላበቃም፤ እየበረታ ሄደ እንጂ። መሪው ከእጅ ሊነጠቅ ደረሰ፤ የመኪናይቱ አካል ሁሉ እንደ ወንፊት ተናወጠ፤ ወደ መንገዱም ጠርዝ ይወስደን ጀመር። መሪ የያዘው ወንድም በድንጋጤ ፍሬኑን ሊረግጥ ፈልጎ ነበር፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ፍሬን በኃይል መርገጥ መኪናን የሚገለብጥ መሆኑን ቀድሞ ሰምቶ ኖሮ ግን እግሩን ከነዳጁ ላይ አንሥቶ፣ መሪውን አጥብቆ ይዞ ፍጥነቷ በራሱ እስኪወርድ ታገሠ። ከጠርዙ ሁለት ክንድ ያህል ሲቀረን ቆመች። ሞተሩ ሲጠፋ የነፋሱ ድምፅ ብቻ ቀረ። እናታችን ነጠላይቱን ደረታቸው ላይ አጣብቀው «በስመ አብ» እያሉ ነበር።

ወርደን ከሥር ተመለከትን። ባለሙያ ባንሆንም ያየነው ነገር ትርጓሜ አላስፈለገውም። ከመሪው ሳጥን ወደ ጎማው ኃይል የሚያስተላልፈው ረዥም ዘንግ ጫፉ ላይ ኳስ መሰል መጋጠሚያ አለው። የዚህ መጋጠሚያ ዳዶ ተፈትቶ እንዳይወድቅ በቀዳዳው ውስጥ የሚገባ የመቆለፊያ ሽቦ ሊኖርበት ይገባል። በእኛይቱ ላይ የነበረው ሽቦ አልነበረም፤ የዛገ ሚስማር ነበር፤ እርሱም ግማሹ ተቆርጧል። መጋጠሚያው በእጅ ሲነኩት ከቦታው ይንቀሳቀሳል። ያ ዳዶ ቢወድቅ ኖሮ መሪው በእጃችን፣ ጎማው በራሱ ፈቃድ በሆነ ነበር።

በዚህ ጊዜ በእኛ በወንድማማቾቹ መካከል ክርክር ተነሣ። ታናሹ፣ «ሚስማሩን በሽቦ አጠናክረን በከባድ ማርሽ ቀስ እያልን እንውረድ፤ ነገ ጠዋት ክርስትናው ነው» አለ። ታላቁ ደግሞ፣ «ከጎባ የራቅነው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የመጣንበትም ሜዳ ነው፤ እንመለስ» አለ። ከፊታችን ያለው የሐረና ቁልቁለት ነበር። ከሳነቴ ጫፍ መንገዱ እየተጠማዘዘ፣ አንዱ መታጠፊያ በሌላው ላይ እየተደራረበ ወደ ደመናው ውስጥ ይወርዳል። እናታችን ክርክሩን ጥቂት ከሰሙ በኋላ፣ «ከዚህ ወዲያ ያለው መንገድ ምን ይመስላል?» ብለው ጠየቁን። ሳንደብቅ ነገርናቸው። ከዚያም፣ «እንግዲያማ ልጆቼ፣ ለዚያ ሕፃን የምትወስዱለት ልብስ ነው ወይስ ሐዘን?» አሉን። ሁለታችንም መልስ አልነበረንም። መጋጠሚያውን በሽቦና በገመድ አስረን፣ ከሰው እርምጃ ጥቂት በሚበልጥ ፍጥነት ወደ ጎባ ተመለስን። የጠዋቱን መንገድ ለመመለስ ሦስት ሰዓት የሚያህል ጊዜ ፈጀብን።

በጎባ ሰዎች አንድ ሽማግሌ መካኒክ አመለከቱን። በግቢያቸው ውስጥ ያረጁ መኪናዎች እንደ ጡረተኛ ተቀምጠዋል። የቀትር ሶላታቸውን ሰግደው ሲመለሱ አገኘናቸው። «ጋሼ፣ መሪያችን ላልቷል» ብንላቸው ወዲያው መፍቻ አላነሡም። በመጀመሪያ፣ «የላላው ምኑ ነው? መሪ አንድ ዕቃ አይደለም፤ ሰንሰለት ነው። ከእጃችሁ እስከ ጎማው ድረስ ስንት ቦታ እንደሚጋጠም ታውቃላችሁ?» አሉን። አናውቅም ነበር።

ያን ዕለት ያስተማሩን ትምህርት ለብዙ ቤተሰብ ይጠቅማል ብለን እንደሚከተለው እንገልጸዋለን። ሞተሩ ጠፍቶ ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ ከእኛ አንዱን መሪው ላይ አስቀምጠው ግራና ቀኝ ጥቂት በጥቂት እንዲነቀንቅ አዘዙት። እኛን ሌላውን ደግሞ ከአጠገባቸው ከመኪናይቱ ሥር አስተኝተው ባትሪ አስያዙን። «እንቅስቃሴው ከላይ ይነሣል፤ የሚጠፋበትን ቦታ ፈልግ» አሉ። ተከታተልነው። ከመሪው የሚወርደው ዘንግ እጁ ሲንቀሳቀስ ወዲያው ይንቀሳቀሳል፤ ደኅና ነው። የመሪው ሳጥን ጋ ስንደርስ፣ ሳጥኑ በውስጡ ያለው ጥርስ ከመሥራቱ በፊት ራሱ ሳጥኑ ከሻንሲው ላይ ይንሸራተታል። ሳጥኑን ከያዙት ቡሎኖች አንዱ የለም፤ ሌላው ላልቷል። ቀጥሎ ያ ሚስማር የገባበት መጋጠሚያ ነው፤ ዘንጉ ይሄዳል፣ ጎማው ግን ቆይቶ ይከተላል።

ከዚህ በኋላ የፊቱን በክሪክ አነሡ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ሲነቀንቁት ከተወዛወዘ የጎማው ኩሽኔታ መላላቱን፣ በግራና በቀኝ ይዘው ሲነቀንቁት ከተወዛወዘ ደግሞ የዘንጎቹ መጋጠሚያ ማለቁን ያመለክታል። የቀኙ ጎማ በሁለቱም ተወዛወዘ። የባሌስትራው ቦኮላዎችም ተበልተው አክሱሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጥቂት ይላወስ ነበር። ሽማግሌው በመጨረሻ የሳጥኑን ማስተካከያ ቡሎን በጣታቸው ነክተው፣ «ይህን ማን አጠበቀው?» አሉ። አፍረን ተናገርን። «ሳጥኑ ደኅና ነበር። በሽታው ከታች ሆኖ ሳለ ጤነኛውን አንቃችሁ ያዛችሁት። ጥርሱ ሲጨነቅ መሪው ከበደ፤ ሲዞርም መመለስ እምቢ አለ። ልቅነቱ ግን አልጠፋም፤ ከዓይናችሁ ተሰወረ እንጂ» አሉን። ስለ ትልልቆቹ ጎማዎችም ሲናገሩ፣ «መኪናዋ የተሠራችው ለዚህ ክብደት አይደለም፤ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ከልኩ በላይ ሲጎትቱ የኖሩት እነዚህ ናቸው» አሉ።

ያ ቀን መሽቶ ነበር። ወደ ደሎ መና የሚሄደው መኪና ማልዶ ወጥቷልና እናታችንን ብቻቸውን መላክም አልተቻለም። ወደ እህታችን ስልክ ደወልን። እህታችን እያለቀሰች ካህናቱን ለምና ቀኑን ለማስተላለፍ አሰበች። እናታችን ስልኩን ተቀብለው፣ «አርባው አይለወጥም። ልጁ ቀኑን ይጠብቃል እንጂ ቀኑ እኔን አይጠብቅም። አስጠምቂው» አሏት። ስልኩን መልሰው ከሰጡን በኋላ ግን ያችን ጥቅል ፈትተው ነጠላይቱን እንደ ገና ሲያጥፏት፣ እንደ ገና ሲፈቷት አየናቸው። አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩንም። ቢናገሩን ይሻለን ነበር። በአሰላ የተለመንነው አንዲት ሰዓት ነበር፤ ያችን አንዲት ሰዓት ነፍገን የወሰድነው ከእርሳቸው መሆኑን ያን ማታ ተረዳነው።

ሽማግሌው በግቢያቸው ከተቀመጠች አሮጌ መኪና ላይ ደኅና መጋጠሚያ ፈትተው አወጡ። ሲጨልም ሥራውን አቆሙ፤ «በጨለማ የታሰረ ዳዶ አላምንም» አሉ። እሑድ ስለ ሆነ ይመጡ እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው ሣቁና፣ «እሑድ የእናንተ በዓል ነው፤ የእኔ ዓርብ አልፏል» አሉን። በማግሥቱ ገና ሳይነጋ መጥተው ጀመሩ። መጋጠሚያውን ለወጡ፤ ትክክለኛውን መቆለፊያ አስገቡ፤ የሳጥኑን ቡሎኖች አሟልተው አጠበቁ፤ ኩሽኔታውን አስተካክለው በግራሶ ሞሉት፤ እኛ ያስጠበቅናትን ቡሎን ወደ ልኳ መለሱ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ከእኛ ጋር ወጥተው ነድተው ሞከሩ። የእጃቸውን ዋጋ ተቀበሉ፤ የመጋጠሚያውን ዋጋ ግን፣ «እርሱ ለተጠማቂው ነው» ብለው መለሱልን። እናታችንም እንደ ወንድማቸው መርቀዋቸው ተነሣን።

በዚያው በሳነቴ ላይ፣ በዚያው በተሸበሸበው ጠጠር ላይ አለፍን። መሪው በእጅ ውስጥ ቀላል ነበር፤ ሲዞር ይሰማል፣ ሲለቁት ይመለሳል። የቆምንበት ቦታ ስንደርስ ማናችንም አልተነጋገርንም። ከዚያም የሐረና ቁልቁለት ተጀመረ። ጥቂት ኪሎ ሜትር በሚያህል መንገድ ከውርጭ አገር ወደ ጫካ አገር ይወርዳል። መጀመሪያ ሽበት የለበሰው የአስታ ዛፍ፣ ቀጥሎ ኮሶው፣ ቀጥሎ ቀርከሃው ይመጣል። ሪራ የምትባለውን መንደር ካለፉ በኋላ ፀሐይ የማይገባበት ደን ይውጣል። ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን እያንዠረገጉ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ፤ በትልልቁ ዛፍ ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል፤ ከዛፎቹም ሥር ማንም ያልተከለው የዱር ቡና ይበቅላል። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ከበታቻችን ያለውን ገደል ስናይ፣ ቅዳሜ ዕለት በሚስማሩ ተማምነን ወርደን ቢሆን ኖሮ ስንቱ መታጠፊያ ላይ እንደርስ ነበር እያልን በልባችን እንቈጥር ነበር።

ደሎ መና የደረስነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ቆላ ስለ ሆነች ሙቀቱ ከሳነቴ ብርድ ጋር ሲነጻጸር ሌላ ዓለም ይመስላል። ክርስትናው ተፈጽሞ፣ እንግዶቹም በልተው አብዛኞቹ ሄደው ነበር። ሕፃኑ ከውኃው ሲወጣ የተጠቀለለው ከጎረቤት በተዋሱት ነጠላ ነበር። እናታችን ጫማቸውን ሳያወልቁ ገብተው ሕፃኑን ተቀበሉ፤ የተዋሱትን ነጠላ ቀስ ብለው ፈትተው የራሳቸውን አለበሱት። ሕፃኑ ሳይነቃ እጁን ከነጠላው አውጥቶ ጣታቸውን ያዘ። እርሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ብዙ ቆዩ። ምን እንዳሉት አልሰማንም።

ወደ አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ ወደ ሻጩ ሄድን። ገንዘብ ልንጠይቀው አልነበረም፤ ስለ ሚስማሩ ልንነግረው ነበር። ሰውዬው ደነገጠ። እርሱም መኪናይቱን ሲገዛ ስለ መሪው ጠይቆ «ትለምደዋለህ» ተብሎ እንደ ነበረ፣ እርሱም በእውነት እንደ ለመደው ነገረን። አምነነዋል። ልቅነት በአንድ ቀን የሚመጣ አይደለም፤ በየቀኑ የፀጉር ስንጣቂ ያህል እየጨመረ ከእጅ ጋር አብሮ የሚያድግ ነውና፣ ባለቤቱ መጨረሻውን የሚያውቀው ሌላ ሰው ሲነዳለት ብቻ ነው። ስለዚህ «ትለምዱታላችሁ» የሚለው ቃል ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እኛ ዘንድ ደረሰ። እኛም ወደ ሌላ ሰው እንዳናስተላልፈው ቃል ተግባባን፤ ትልልቆቹንም ጎማዎች አውጥተን ልኳ የሆኑትን አስገባን።

እንግዲህ መኪና ለመግዛት ያሰባችሁ ወይም ቤተሰባችሁን አሳፍራችሁ ሩቅ መንገድ የምትነሡ ወገኖቻችን ሆይ፣ ቀለሙን ከማየታችሁ በፊት መሪውን ፈትኑ። ጎማዎቹን ቀጥ አድርጋችሁ መሪውን በሁለት ጣት ብቻ ግራና ቀኝ አዙሩ፤ የሁለት ጣት ስፋት ያህል ከሄደ በኋላም ጎማው ካልሰማ፣ ምክንያቱን ሳታውቁ አትነሡ። የእኛይቱ መኪና በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ የላትም፤ እንዲህ ያለ መሪ ያላትን መኪና ግን ሞተሩን አስነሥታችሁ ፈትኑ። የፊቶቹ ጎማዎች በአንድ ወገን ብቻ ተበልተው እንደ ሆነ ተመልከቱ። ከሥር የሚያይላችሁ ሰው ፈልጉ፤ ከሥር ያየ ሰው ሲነግራችሁም ስሙት። ምክንያቱ ሳይታወቅ ማስተካከያዋን ቡሎን ብቻ ማጥበቅ ግን፣ ቁስሉን ሳያጥቡ በላዩ ላይ ጨርቅ እንደ ማሰር ነው።

ያ ሕፃን ዛሬ አድጎ ትምህርት ቤት ገብቷል። ነጠላይቱ አጥራበት እናቱ በሣጥን አስቀምጣለታለች። መኪናይቱም እስከ ዛሬ ከእኛ ጋር ናት፤ በየዓመቱም በክርስትናው ቀን አካባቢ ወደ ጋራዥ እናስገባታለን። እናታችን እርጅናው ተጭኗቸው እንደ ልባቸው መሄድ ቢያቅታቸውም፣ እኛ ለመንገድ መነሣታችንን በሰሙ ቁጥር ከተቀመጡበት ቀና ብለው የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አላቸው፦ «ልጓሙን አይታችኋል?»

አይተናል ብለን እንመልሳለን። አይተንም ነው የምንመልሰው።